ኪሮስን ይዘን ስንገባ

ባለፈው መስከረም ሰቆጣ መናኸሪያ ቆሜ የአምደወርቅ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ዩኒቨርሲቲ የተመደቡ ልጆች ሲሸኙ አየሁ። አዲስ ሻንጣ፣ አዲስ የተላጨ ፀጉር፣ በፌስታል የተቋጠረ በሶ። አንዲት እናት ልጇን አውቶብሱ በር ላይ አቁማ፣ አብሮት የሚሄደውን ጓደኛውን በሌላ እጇ ይዛ፣ ተጠባበቁ ትላለች፤ እዚያ ከእናንተ ከሁለታችሁ በቀር ዘመድ የላችሁም ትላለች። ልጁ እንድትለቀው ብቻ እሺ፣ እሺ ይላል። እኔ የምሄድበትን መኪና አሳለፍኩና ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። የቀረበልኝን ሻይ ሳልነካው ቀዘቀዘ።

እኛን ተጠባበቁ ያለችን እማማ ታድላ ነበረች፣ የኪሮስ እናት። የባድመው ጦርነት ባለቀ ሰሞን ነው። እኔ የሰቆጣ ከተማ ልጅ ነኝ። ኪሮስና ደሳለኝ ግን ከዋግ ዝቋላ በኩል ካለው ገጠር የመጡ፣ በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ የተወለዱ ልጆች ናቸው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሰቆጣ ሲመጡ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ፤ ስንቃቸው በአህያ ይመጣላቸዋል፤ የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴ በቅል ነጭ ማር። ማሩ የመጣ ዕለት ሦስታችንም አንተኛም።

ኪሮስ ረጅም፣ ዝግ ያለ ልጅ ነበር። አፉን የፈታው በዋግ አገውኛ፣ በኻምጣንጋ ስለሆነ አማርኛውን እየፈለገ ነው የሚያወጣው፤ ፈልጎ ያገኘው ቃል ግን ብዙ ጊዜ እኛ ከምንለው ይሻል ነበር። ደሳለኝ ፈጣን ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃ የወጣ፣ አባቱ በየሰንበቴው ስሙን የሚያነሱት፣ ታላቅ ወንድሙ ሲሳይ እሱ ይማር ብሎ ከትምህርት የቀረለት ልጅ። ውጤት መጥቶ ሦስታችንም አንድ ዩኒቨርሲቲ ስንመደብ ያገሩ ሰው ተአምር አለው። ዩኒቨርሲቲው ከሰቆጣ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ስሙን ልተወው።

እኔ ሌላ ፋኩልቲ ነበርኩ፣ ማደሪያዬም በግቢው ሌላ ጫፍ ነው። እነሱ አንድ ክፍል ያድራሉ። በሁለተኛው ዓመት ደሳለኝን የማየው እየቀነሰ መጣ። ሳገኘው ፈተና ይላል፣ ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ ይላል። ኪሮስ ደግሞ እየከሳ ሄደ። ካፌ ውስጥ እንጀራውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በወረቀት ሲጠቀልል አይቼው ምን ሆነህ ነው ብለው፣ ሲመሽ ይርበኛል አለኝ። ሐሰት የማያውቅ ሰው ሲዋሽ ማን ይጠረጥረዋል? አመንኩት።

የካቲት ላይ የመንፈቁ ፈተና አልቆ ለእረፍት ወደ አገር ልንገባ ስንሰናዳ፣ ከግቢው አጥር ጀርባ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ ኪሮስን ሞቶ አገኘው። ራሱን በድንጋይ ተመትቷል። ዘመድ የሚባል ስላልነበረው ሬሳውን እንድለይ የተጠራሁት እኔ ነኝ። የሆስፒታሉ ክፍል በረኪና ይሸታል። አንሶላውን ሲገልጡት የሚያስፈራ ነገር አያለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ፊቱ ግን እንደተኛ ሰው ነው፣ ዓይኖቹ በደንብ ተከድነዋል። መርማሪው አንተ ነህ የከደንክለት ብሎ ጠየቀኝ። አልነካሁትም አልኩት። ያገኘው ጥበቃም አልነካሁትም ብሏል፤ የሆስፒታሉ ሰዎችም እንዲሁ። መርማሪው ጥቂት አሰበና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ፖሊስ የጠረጠረው ያካባቢውን ሌቦች ነበር፤ ሁለት ሦስት ወጣቶች ይዞ ለቀቀ።

ደሳለኝ ከሰዓት በኋላ መጣ። ከተማ ውስጥ ካገሩ ልጅ ዘንድ አድሮ እንደነበር ነገረን። ሲረዳ ወደቀ። ውሃ አፍስሰንበት ነው የተነሣው።

ዩኒቨርሲቲው አይሱዙ ሰጠን። ሾፌሩ ከፊት፣ እኔና ደሳለኝ ከኋላ ከሣጥኑ ጋር። ጾም ገብቶ ነበር፤ ሾፌሩ ባረፍንበት ሁሉ ደረቅ ዳቦና ሻይ ያመጣልናል፣ እኔ እበላለሁ፣ ደሳለኝ አይበላም። ኮረም ላይ ጉም ወርዶ ከፊታችን ያለው መንገድ ጠፋን። ከዚያ ወደ ሰቆጣ ያለው ጥርጊያ ድንጋዩ መኪናውን ያነጥረዋል። ደሳለኝ ሣጥኑ እንዳይንገላታ በሁለት ክንዱ አቅፎት ሄደ። ክንዱ ተላልጦ እንኳ አልተወም። ኪሮስን እንደሱ የወደደው ሰው የለም ብዬ አሰብኩ። ዛሬም እንደዚያው አስባለሁ፤ ለሰው ላስረዳው ያልቻልኩት ነገር ይኼ ነው።

መኪና የሚደርስበት መንገድ ሲያልቅ ያገሩ ሰው ቃሬዛ ይዞ ይጠብቀን ነበር። የወንዶቹ ጩኸት ከአንዱ ተረተር ወደሌላው እየተቀባበለ ነው የገባነው። የኪሮስ አባት አቶ ወልዱ አላለቀሱም፤ ከቃሬዛው ፊት ፊት እየሄዱ መንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ በእግራቸው ይገፋሉ። ታናሽ ወንድሙ ገብሬ ገና ሚስት ማግባቱ ነው፤ የጫጉላ ኩታውን ገልብጦ ለብሶ ፊቱን ነጭቶ አደማው። ሲሳይም፣ የደሳለኝ ወንድም፣ ከወንዙ ማዶ እህል ተሸክሞ መጥቶ ነበር። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው።

ከቀብር መልስ እማማ ታድላ እኔንና ደሳለኝን ግራና ቀኝ አስቀመጠችን። በኻምጣንጋ ትጠይቃለች፣ ቀስ ብላ፣ እናት ሩቅ አገር ስለከረመ ልጇ እንደምትጠይቀው። ይበላ ነበር ወይ? ብርዱስ እንዴት ነበር? ሁለታችንም እንመልሳለን። ከዚያ፣

«ዓይኑን ማን ከደነለት?» አለች።

በኛ አገር ሰው ልጅ ስጠኝ ብሎ የሚሳለው አንድም ዓይኔን የሚከድንልኝ እንዳላጣ ብሎ ነው። ባዳ የከደነው፣ ወይም የሚከድንለት ያጣ፣ እንደ ገና ይለቀስለታል። እኔ ሐኪሙ ከደነው ልል አፌን ስከፍት ደሳለኝ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። እኔ ከደንኩለት።»

ቀኝ እጁን ይዛ ሳመችው፣ ዓይኗ ላይ አደረገችው። ቤቱን የሞላው ሰው እፎይ ያለ መሰለኝ። እኔም መጀመሪያ ደግ አደረገ አልኩ፣ ላዘነች እናት እንዲህ ያለ ውሸት አይከፋም። ወዲያው ግን የመርማሪው ጥያቄ ትዝ አለኝ። ደሳለኝ ሆስፒታል አልሄደም። ሬሳውን አላየሁም ብሎ ነው ቃሉን የሰጠው። ቀና ብዬ ሳየው እሱም ያየኛል። የገባኝ መሆኑ ገብቶታል።

እማማ ታድላ እህል አልቀምስ ማለቱን ሰምታ ኖሮ በሽሮ የጠቀለለችውን እንጀራ ወደ አፉ አቀረበች። ብላ፣ ለኪሮስም ብላለት አለችው። ጎረሰ። ደግማ አጎረሰችው። ተነሥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ልብሳችንን እናጥባለን ብለን ወንዝ ወረድን። ወንዙ በበጋ ቀጭን ነው፣ ማዶ የነደሳለኝ ቤት ይታያል። ሳልጠይቀው ነገረኝ። ከአንደኛው ዓመት ማለቂያ ጀምሮ በውጤቱ ተባሮ ነበር። ለአባቱና ለሲሳይ እንዴት ብሎ ይንገር? ኪሮስ ማደሪያው ውስጥ ደብቆት፣ ከምግቡ እያካፈለው ከረሙ። ፈተናው ሲያልቅ ኪሮስ፣ እንግዲህ በቃ፣ ዘንድሮ ወይ አንተ ትነግራቸዋለህ ወይ እኔ እነግርልሃለሁ፣ ሲሳይ ይኸን ያህል የሚለፋው ለምን እንደሆነ ይወቅ አለው። በዚያ ተጣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት አለኝ። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጦ እንዲነሣ ለመነው።

«ዓይኑ ያየኝ ነበር» አለ። «እያየኝ ትቼው መሄድ አልቻልኩም።»

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ያልታጠበ ልብሴን ይዤ ዳገቱን ብቻዬን መውጣቴን አስታውሳለሁ።

በሠልስቱ ጠዋት ለአቶ ወልዱ ነገርኳቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ነን። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ ለሌላ ሰው ተናግሬ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለማንም አልኳቸው።

«ገብሬ ከሰማ አይተወውም» አሉ። «ቢተወው ሰው አይደለም ይሉታል። ካልተወው ደግሞ እሱንም አጣሁት።»

እንግዲያውስ ይቅር፣ እንዳልነገርኩዎት ይቁጠሩት አልኳቸው። የልጃቸው እናት የልጇን ገዳይ እያጎረሰች ትኑር ወይ ብለው መለሱልኝ። ሽማግሌ ይግባበት፣ ደሙ ይድረቅ እንዳይሉ ገብሬ ሳይሰማ የሚሆን ሽምግልና የለም። ስለዚህ ለሕግ ሊሰጡት ቆረጡ። ነገሩ በደረሰበት ሩቅ አገር ይከሰስ፣ ወሬው እስኪመጣ የገብሬ ሚስት ትወልዳለች፣ ልጅ ያየ ሰው ልቡ ይበርዳል። ሐሳባቸው ይኼ ነበር። የተሻለ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልመጣልኝም።

ለቤተሰቡ ልጆቹን ልሸኝ ብለው ሦስታችን ወደ ሰቆጣ መንገድ ጀመርን። ደሳለኝ አልተጠየቀም፣ አልታሰረም፤ ተከተለን። ፀሐዩ ሲበረታ አንድ ግራር ሥር ዐረፍን። አቶ ወልዱ እማማ ታድላ የሰነቀችልንን ዳቦ ቆርሰው ለሦስታችንም ሰጡ። ደሳለኝ እጁ ላይ ይዞት ቀረ።

«ብላ» አሉት። «መንገዱ ገና ነው።»

ከዚያ በኋላ እስከ ሰቆጣ አንድም ቃል አልተናገሩትም። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ግን እግራቸው ሥር ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዙና ቀጥ አድርገው አቆሙት። ተረኛውን ልጄን የገደለው ይኸ ነው፣ በሕግ ይያዝልኝ አሉ። ወጥተው ከግንቡ ሥር ተቀመጡና ውሃ ለመኑኝ። ያኔ ነው ያለቀሱት።

ደሳለኝ አልካደም። ክሱ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ታየ፣ ረጅም ዓመት ተፈረደበት። ወሬው ግን የአቶ ወልዱን ያህል አልታገሠም። ከዚያ አገር ጨርቅ የሚያመጣ አንድ ነጋዴ ችሎት ተቀምጦ ሰምቶ ኖሮ ገበያ ላይ አወራው። የገብሬ ሚስት ገና አልወለደችም ነበር።

ገዳዩ በመንግሥት እጅ ነው፣ አይገኝም። ሲሳይ ይገኛል። ሰኔ ውስጥ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ምድሩ ሲለሰልስ ሲሳይ ከወንዙ ማዶ ያርሳል። ገብሬ ከኋላው አልተኮሰም፤ ነውር ነው። በስሙ ጠራው። ሲሳይ ሞፈሩን እንደያዘ ዞሮ፣ ምነው ገብሬ፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ? አለው ይላሉ። አንድ ነገር የደረሰባቸው መስሎት ነው። ስለ ወንድሙ የተወራውን እሱ አልሰማም ነበር።

ገብሬ ወደ አበርገሌ ወርዶ ተከዜን ተሻገረ አሉ። አንዱ ወባ ገደለው ይላል፣ ሌላው ሱዳን አየሁት ይላል። ሚስቱ ወልዳ ሕፃኑን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ገባች። የነደሳለኝ ቤት ፈረሰ፤ አባቱ ከብቱን ሸጠው አገር ለቀቁ። ደሳለኝ እስሩን ጨርሶ ወጥቷል ይባላል፤ ዋግ ውስጥ ያየው የለም። አቶ ወልዱ ከሲሳይ ሞት በኋላ ከቤት መውጣት ተዉ። ልጠይቃቸው ስሄድ፣ አንተ ደግ አደረግህ፣ እኔም ደግ አደረግሁ፣ ሕጉም ፈረደ ይሉኛል፤ ከዚያ ያለቀችውን እሳት በእንጨት ይቆሰቁሳሉ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አስተማሪ ሆንኩ። እዚያች ሻይ ቤት ተቀምጬ ያሰብኩት ልጆቹን ወደ ሩቅ አገር ሲሄዱ ምን እንደምላቸው ነበር። እውነቱን ተናገሩ እንዳልላቸው፣ ኪሮስ እናገራለሁ ብሎ ሞተ፣ እኔ ተናግሬ ሲሳይ ሞተ። ዝም በሉ እንዳልላቸውም የዝምታን ቤት አይቼዋለሁ፤ እናቲቱ ቁጭ ብላ ታጎርሳለች። አውቶብሱ ሲወጣ ልጆቹ በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙ። ያቺ እናት የማታውቀኝን እኔን አይታ፣ ደህና ይገባሉ አይደል? አለችኝ። ይገባሉ አልኳት።

እማማ ታድላ አሁንም በሕይወት አለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ይሰማል፤ የተናገርኩት እኔ መሆኔንም ታውቃለች። የኪሮስ ሙት ዓመት ሲደርስ ስኳርና ሳሙና ይዤ ዳገቱን እወጣለሁ። ባለፈው ጊዜ አብሬያት ዋልኩና ለመሄድ ስነሣ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ቁጣ በድምፅዋ ውስጥ የለም፤ ስለ ዝናብ እንደምታወራ ነው የነገረችኝ።

«ልጄ፣ ስትመጣ እጠላሃለሁ» አለችኝ። «ስትቀር ደግሞ ማንም አይመጣም።»

የካቲት ሲመጣ እሄዳለሁ።