ካርዱ ላይ የተጻፈው ተራራ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሚዛን ላይ ቢወጣ ስንት ይሆናል? የሠራው፣ ያነበበው፣ የታገሠው፣ የዋሸው ሁሉ ወደ ጎን ተገፍቶ ሰዎች ስሙን ሲያነሡ የሚያስታውሱት አንዲት ነገር ብቻ ከሆነ፣ ሕይወቱ ያቺ ናት? ወይስ ማንም ልብ ያላለው የቀረው? ፈላስፎች ይህን ጥያቄ ሲጎትቱት ኖረዋል። በአውስትራሊያዋ ደሴት በታስማኒያ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ነፋስ በማይለያት በበርኒ ከተማ ግን መልሱ ቀላል ነው። ቫልዳ ሂንግስተን ማን ናት ብለህ ብትጠይቅ፣ «ቴሌቪዥን ላይ ጠራርጋ የወሰደችው ናት» ይሉሃል። በወረቀት ፋብሪካው ሠላሳ አንድ ዓመት መቆሟን ማንም አያነሣልህም።

ሥራዋ እንከን መፈለግ ነበር። ከማሽን የወጣው ነጭ ወረቀት ተከምሮ ይቀርብላታል፤ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ገልበጥ ገልበጥ እያደረገች ነቁጥ ያረፈበትን፣ የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የጠቆረውን እየመዘዘች ትጥላለች። እጅ ሥራውን ከለመደ አእምሮ ሥራ ይፈታል። እሷም ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ተውሳ ያነበበችውን እዚያው ቆማ ታመነዥከው ነበር። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው አትላስ ነው። ከደሴቷ የወጣችው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ለቀብር።

የቴሌቪዥኑን የጥያቄና መልስ ውድድር ቅጽ የሞላችላት የሥራ ባልደረባዋ ዶት ናት፤ ፊርማዋን ሳይቀር አስመስላ ፈርማላታለች። «ከእኔ ጎን ቆመሽ የወንዝ ስም ስትቆጥሪ ጆሮዬ በሰበሰ፤ ሂጂና ለሚከፍልሽ ቁጠሪለት» አለቻት። ከጣቢያው ወደ ሜልቦርን ጠሯት። እ.ኤ.አ. 1986 ነበር።

እንዲህ ያለው ውድድር እንዴት እንደሚቀረጽ ቤቱ ተቀምጦ የሚያይ ሰው አያውቅም። በየምሽቱ ከዜና በኋላ የሚታየው የአንድ ሳምንት ዝግጅት በአንድ ቀን ውስጥ ይሠራል። አሸናፊው በየመሐሉ ልብስ እየቀየረ ይመለሳል፤ ተመልካቹ ሌላ ቀን የነጋ ይመስለዋል። ቫልዳ አምስት ሸሚዝ ይዛ ሄደች፤ ሁለቱ የዶት ነበሩ። ያሸነፈ ይቆያል፤ ስምንት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ መኪናውን፣ ዓለምን የሚያዞረውን ትኬትና የገንዘቡን ሽልማት አንድ ላይ ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን አምስቱንም አሸነፈች። በሳምንቱ ተመልሳ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ጨረሰች።

አንድ ደንብ ደግሞ ነበረ። ከመስታወት ጀርባ ዳኛ ተቀምጧል። ተወዳዳሪ መልሱ ያላግባብ ከተጣለበት፣ ማስታወቂያ ከመግባቱ በፊት እጁን ካነሣ ዳኛው መጽሐፍ ገልጦ ያጣራል። ጠዋት በገለጻው ላይ በጥድፊያ ይነግሩሃል፤ ልቡ የሚመታ ሰው ግን አይሰማም። ቫልዳ ሰምታለች። በሦስተኛው ዙር ስለ አንድ የወደብ ከተማ እጇን አንሥታ የተቀማችውን ነጥብ አስመልሳለች።

በስምንተኛው ዙር አጠገቧ የቆመው ሌስ ትሬጌና የሚባል፣ ስድሳን የዘለለ፣ መዳፉ ሰፊ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው ነበር። ከደቡብ አውስትራሊያ፣ ከዋላሩ ነው የመጣው። ዕድሜውን በአየር ጠባይ ጣቢያዎች የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል። ሦስተኛዋ ተወዳዳሪ ገና ከመነሻው ወደ ኋላ ቀርታለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ሲቀር ቫልዳና ሌስ እኩል ነበሩ።

ጥያቄውን የሚያነብበው አዘጋጅ ካርዱን አነሣ። «የአውስትራሊያ በሆነ ምድር ሁሉ ላይ ከፍተኛው ተራራ ማን ይባላል?»

ሌስ ቁልፉን ቀድሞ መታ። «ሞውሰን ጫፍ። ኸርድ ደሴት ላይ ያለው።»

አዘጋጁ ካርዱን አየ። ፈገግታው ከፊቱ አልወረደም። «አይደለም! ቫልዳ፣ አምስት ሰከንድ አለሽ።»

በአምስት ሰከንድ ውስጥ ሰው ስንት ነገር ያስባል? የአትላሱ ገጽ እንዳለ ከፊቷ ተዘረጋ። ከታች፣ በደቡቡ ውቅያኖስ መሐል ነቁጥ የምታህል ደሴት፣ አጠገቧ ቁጥር፦ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ አርባ አምስት ሜትር። ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት የሚሸመድደው ኮዚዮስኮ ከዚያ በአምስት መቶ ሜትር ያንሳል። አንታርክቲካ ላይ የሚባለውን የባለቤትነት ክርክር ታውቃለች፤ ኸርድ ላይ ግን ክርክር የለም። ሰውየው ትክክል ነው። ትክክል ሆኖ ካልተቀበሉት ደግሞ ካርዱ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው፤ ሌላው ምን እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

«ኮዚዮስኮ» አለች።

ደወሉ ጮኸ፤ ባለቀለም ወረቀት ከጣራው ዘነበ። የተጠየቀችው ስለ ተራራ ነበር፤ የመለሰችው ስለ ካርድ ነው። ሌስ እጇን ጨብጦ «ጎበዝ፣ የኔ እመቤት» አላት። ደንቡን እንዳልሰማ ከፊቱ አስታወቀ። ማስታወቂያው እስኪገባ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነበረ፤ «እጅህን አንሣ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ቫልዳ እጇ ውስጥ የገባውን የመኪና ቁልፍ ጨብጣ ቆመች።

ዝግጅቱ የሚታየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ለማንም እንዳትናገር ፈርማለች። ሚስት ከባሏ የምትደብቀው ነገር ስለሌለ ባሏ ሜርቭ ማሸነፏን ብቻ ሰማ፤ የቀረውን አልሰማም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በእሷ ላይ ግን እያደር ደፈረሰ። ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃታት። ከሥራ ስትወጣ በባሕሩ ዳር እስከ መርከብ መምሪያው የመብራት ማማ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች፤ ኮቷን ሳታወልቅ እንደገና ትወጣለች። ፋብሪካ ውስጥ ደህናውን ወረቀት መዝዛ መጣል ጀመረች።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ?» አለች ዶት፤ የተጣለውን ክምር እያነሣች። «ይሄኮ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ነው!»

«ነቁጥ ያለበት መሰለኝ።»

«ነቁጡ ዓይንሽ ላይ ነው። ንገሪኝ፤ አሸነፍሽ አይደል? ፊትሽ ያስታውቃል።»

«ፊቴ የሚያስታውቀው የሆድ ቁርጠት ነው።»

«እኔኮ አንቺ ላይ ሃያ ዶላር አስይዣለሁ! የሆድ ቁርጠት ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝና ላስመልስ።»

በሁለተኛው ሳምንት፣ በሥራ ሰዓት፣ ከፋብሪካው በር ካለው የሕዝብ ስልክ ሜልቦርን ደወለች። ያነሣችው ከዝግጅቱ ቢሮ ሠራተኞች አንዷ ናት።

«ያቺ የመጨረሻዋ ካርድ ስህተት ናት» አለች ቫልዳ። «አቶ ትሬጌና ነው ያገኘው። ከመታየቱ በፊት አስተካክሉት። ካስፈለገም ሁለታችንንም ጥሩንና ሌላ ጥያቄ ጠይቁን።»

«ወይዘሮ ሂንግስተን፣ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥሁ ስድስት ዓመቴ ነው። የሚደውሉልን የተሸነፉት ናቸው። ያሸነፈ ሰው ሲደውል እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

«ታዲያ አያምኑኝም?»

«ማመኔ ምን ይሠራል? ተቀርጿል፤ ተቆርጦ ተቀጥሏል። ይደሰቱ እንጂ! ድካም ነው የያዘዎት።»

የታየበት ዕለት በቀድሞ ወታደሮች ክበብ ስድሳ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ሰዉ ስካሎፕ በሚሉት የባሕር ዛጎል ሥጋ የተሞላ ትኩስ ዳቦውን በአንድ እጁ፣ ቢራውን በሌላው ይዞ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጋፋ። ሌስ «ሞውሰን ጫፍ» ሲል አንዱ ከኋላ «ይሄ ሽማግሌ ደሞ ከየት ያመጣዋል!» ብሎ ሳቀ። ቫልዳ «ኮዚዮስኮ» ስትል ጣራው ሊነቀል ደረሰ። ጩኸቱ ጋብ ሲል እሷ ወንበር ላይ ወጣች።

«ስሙኝ። መልሴ ስህተት ነው። ትክክሉ የሰውየው ነበር። እኔም አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የተናገርሁት።»

ከፋብሪካው የማሽን ክፍል የሆነ አንድ ሰውዬ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ «ሰማችሁ? ልጅቷ ትክክሉንም ታውቃለች፣ ስህተቱንም ታውቃለች! ምን የቀራት ነገር አለ?» አለ። ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። «ውረጂ፣ አንቺ፣ ወድቀሽ መኪናውን ሳትነጂው እንዳትሞች!» ብላ ዶት ቀሚሷን ጎተተቻት። በዚያ አገር ሰው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ እንጂ ከፍ ሲያደርግ አይወደድም፤ ስለዚህ ኑዛዜዋን ከትሕትና ቆጠሩላት፤ በዚያች ቀን ይበልጥ ወደዷት። ኃጢአቱን በአደባባይ ተናግሮ በጭብጨባ የሚመለስ ሰው ከዚያ በኋላ ለማን ይናዘዛል?

ሜርቭ ቤት እስኪደርሱ አልተናገረም። በሩን ከፍቶ ቆም አለና፣ «መልሳት ካልሽኝ ያቺን መኪና ነገ ጠዋት በመርከብ ጭኜ እወስዳታለሁ» አላት። «ግን ማነው የሚቀበለኝ፣ ቫል?»

የሌስን ቁጥር ከስልክ ማዞሪያ ጠይቃ አገኘችው።

«አሃ! ሻምፒዮኗ!» አለ ድምፅዋን ሲለይ። «ደህና ነሽ ታዲያ? መኪናዋስ ትሄዳለች?»

«ሌስ፣ መልስህ ትክክል ነበር።»

«አውቃለሁ እንጂ! ሥሩ አሥራ አራት ወር ኖሬ! ሁልጊዜ ደመና ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት ግን ተገለጠ። ወጥ ቤታችን መጥበሻውን እንደያዘ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እንቁላላችን አረረ።»

«ታዲያ ለምን አልተከራከርህም?»

«ያ ሁሉ መብራት በርቶ፣ ክራባት ያሰረ ሰው አይደለም ሲለኝ፣ እኔ በሌለሁበት አጥሮ ይሆናል አልሁ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ረጅም አልነበረም። «የሚያበሳጨኝ እዚህ መጠጥ ቤት ያሉት ናቸው። ደሴቲቱን ሳወራላቸው ሠላሳ ዓመት ሰምተውኛል። አሁን አፌን ስከፍት ‹ሌስ፣ ተወን፣ ቴሌቪዥኑ እንኳ አይደለም ብሎሃል› ይሉኛል። የልጄ ልጅም ሰምቶ፣ አያቴ እውነት እዚያ ሄደህ ታውቃለህ ወይ አለኝ።»

ቫልዳ ትኬቱን ውሰድ አለችው፤ ግማሹን ላካፍልህ አለችው።

«ትኬቱን ምን አደርገዋለሁ? የማየውን አይቻለሁ። ያንን ‹አይደለም› የሚለውን ቢያነሡልኝ ይበቃኛል።» ከዚያ ነገሩ ድንገት የመጣለት ይመስል፣ «አንቺ ግን ከየት አገኘሽው? በኋላ አነበብሽ?» አላት።

እዚህም ላይ ሰከንዶች ተሰጧት። አዎ ብትል ማንም አያውቅባትም።

«ያኔም አውቅ ነበር» አለች።

ሌስ ሻምፒዮኗ ማለቱን ተወ። «እኔ ደግሞ ስታሸንፊ ደስ ያለኝ፣ አታውቅም፣ ምን ታድርግ ብዬ ነበር።» ከዚያ አንቱ አላት። «በሉ፣ ደህና ይሁኑ፣ ወይዘሮ ሂንግስተን።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ደብዳቤ ነው። በየዓመቱ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ጻፈች። ለመጀመሪያው አዘጋጁ የፈረመበትን ፎቶግራፉን ላኩላት። ለሁለተኛው የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው የሚል ሦስት መስመር መጣ። አንድ ጊዜ መኪናዋን በመርከብ አሻግራ እስከ ጣቢያው በር ነዳች፤ እንግዳ ተቀባይዋ አወቀቻትና ለእናቴ ፈርሚልኝ ብላ ወረቀት ዘረጋችላት። ፈረመች፤ ምን ታድርግ? የዓለም ዙሪያው ትኬት መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ጊዜው አለፈበት። ሰዎች ስንፍና መሰላቸው። እሷ ግን ከቤት ርቃ ሳለች መልስ ቢመጣስ ብላ ነበር።

ቤት መዋል አልሆነላትም፤ መውጣትም አልሆነላትም። እንግዳ ሻይ እየጠጣ ሳለ ተነሥታ መስኮት ትከፍታለች፤ መልሳ ትዘጋለች። ሜርቭ ለምዶት፣ «ፖስተኛውን እያየች ነው» ይል ነበር። አንዳንዴ ሰው የሚያርፈው ንጹሕ ሲሆን አይደለም፤ ጥፋቱን የሚረከበው ሰው ሲያገኝ ነው። የእሷን ግን ሁሉም ሽልማት ነው እያለ መለሰላት።

ሌስ በ1994 ሞተ። በዓመቱ ዝግጅቱ ከአየር ወረደ። ቫልዳ ለዚያው ጣቢያ በዚያው አድራሻ መጻፏን አልተወችም፤ የመጨረሻው የተጻፈው ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ነው። ከቀደሙት ያጠረ ነው። እሱንም ማንም አልፈጸመላትም። እንዲህ ይላል፦

«ዝግጅቱ እንደቀረ አውቃለሁ። ስለዚህ ከዜናው በኋላ፣ ማስታወቂያ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ያንን ጥያቄ እንደገና ያንብብ። ከዚያ፣ ሞውሰን ጫፍ ነው፣ የመለሰውም የዋላሩው ሌስ ትሬጌና ነው ይበል። የእኔን ስም መጥራት አያስፈልግም። በግድግዳ ሰዓት ለክቼዋለሁ፤ ቀስ ብሎ ቢያነብ እንኳ ሃያ ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ቀኑን አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ ለልጅ ልጁ እደውልለታለሁ።»