ከውስጥ ቀይ የተቀቡት መዝጊያዎች

ቡሬ ምሽግ ውስጥ ሥራ የጀመርኩት ተለምኜ ሳይሆን ታዝዤ ነው። ጊዜው የጣልያን ነበር። አንድ ባንዳ ደጄ መጥቶ «መሮህንና መጋዝህን ይዘህ ውጣ» አለኝ፤ ወጣሁ። ያን ጊዜ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ እንደ እኔ በር የሚገጥም አናጢ አልነበረም። ጉራ ነው ካላችሁም ግድ የለኝም።

ያስረከቡኝ ለአንድ ሽማግሌ ጣልያን ካቦ ነው። ዕድሜውን የፈጀው መርከብ ሲሠራ እንደሆነ አስተርጓሚው ነገረኝ። አውራ ጣቱ እንደ እኔው በመዶሻ የተጨፈለቀ ነው። የሙያ ሰው መሆኑን እዚያው አወቅሁ።

የምሽጉ መተኮሻ ቀዳዳዎች ክፍት ስለነበሩ ዝናቡ መትረየሶቹ ላይ ይወርድ ነበር። ካቦው «እንደ ጥንቱ የጦር መርከብ እንከድናቸዋለን» አለ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ «መርከብ ደግሞ መስኮት ምን ያደርግለታል?» ብዬ አስጠየቅሁ።

ሳቀና ጣውላ ላይ በከሰል ሣለልኝ። የጥንቱ የጦር መርከብ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ መድፉን በጎኑ ከተደረደሩ ቀዳዳዎች አውጥቶ ይተኩሳል። ቀዳዳዎቹ ለውሃው ቅርብ ስለሆኑ ማዕበል ሲነሣ ካልተዘጉ መርከቡ ይሰምጣል።

እናንተ ዛሬ ኮምፔንሳቶ የምትቆርጡ ልጆች፣ አሠራሩን ስሙ። መዝጊያው ድርብ ጣውላ ነው፤ እንዳይጣመም የውጭው አግድም፣ የውስጡ ቁልቁል ይሄዳል። ማጠፊያው ከላይ ስለሆነ ገመዱ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ወርዶ ይዘጋል። ገመዱ ከመዝጊያው ታችኛው ጠርዝ በውጭ በኩል ተነሥቶ፣ ከመቃኑ በላይ ባለ ሽንቁር ወደ ውስጥ ይገባል። ከውስጥ ሲስቡት መዝጊያው ወደ ውጭ ይነሣል። ሁሉንም በዋንዛ ሠራኋቸው፤ አንዱም አልተንጋደደ።

ሥራው ደስ ይለኝ ነበር፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ያናድደኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነው፤ አንድ ቀን በምሽጉ ፊት ባለው ሜዳ መምጣቱ አይቀርም። ሚስቴ የሺ «የወንድምህን መግደያ እያሳመርክ ነውኮ!» አለችኝ። መሮዬን መሳል ቀጠልኩ።

በመጨረሻ ካቦው ቀይ ቀለም አመጣ። በመርከብ ልማድ የመዝጊያው የውስጥ ፊት ቀይ ይቀባል። ቀባሁት።

እኔ ደግሞ የገጠምኩትን ወጥቼ ከሩቅ ሳላይ ሥራ አልጨርስም። ካቦው ከአጥሩ ውጭ መውጣት ስለሚፈራ ባንዳ አስከትሎ ላከኝ። ሜዳው ከምሽጉ ዝቅ ያለ ነው። ታች ደርሼ እጄን ሳነሣ ገመዱን ሳቡ፤ መዝጊያዎቹ ተነሡ፤ ቀዩ ሆዳቸው ግራጫው ግንብ ላይ ፍንትው ብሎ ታየ። ካሁን በኋላ ማንም ወታደር ቀይ ሳያሳይ ሊተኩስ አይችልም!

ስመለስ ካቦው «እንዴት ነው?» አለኝ።

«እጅግ ያምራል። ምኑንም አይንኩት» አልኩ።

ማታ ለየሺ «ለደሳለኝ ላኪለት፤ ቀይ ሲያይ ይተኛ፣ ቀይ በሌለበት በኩል ይሂድ» አልኳት። በገበያተኛ ላከችለት።

አርበኞቹ አንድ ማለዳ መጡ። እኔ ምሽጉ ውስጥ ጣውላ እየላግሁ ነበር። ገመዱ ሲሳብ፣ መትረየሱ ሲያጓራ ሰማሁ፤ መላጊያው እጄ ላይ ቀረ። የወንድሜን ስም እየጠራሁ ወደ እመቤቴ ጸለይኩ።

ተኩሱ ሲያበቃ ወታደሮቹ እየተራገሙ መጡ። «ገና ሳንተኩስ ይተኛሉ!» ይላሉ። አርበኞቹ መዝጊያው ባልተነሣበት በኩል ገብተው የምሽጉን በቅሎዎች ነድተው ሄደዋል። ሜዳው ላይ አንድም ሬሳ አልተገኘም። ካቦው ግን መዝጊያዎቹን እየዳበሰ «አንዱም ሲነሣ ሲወርድ አልተቀረቀረም፤ ጥሩ ሠርተዋል» አለ። «ሠርተዋል» አልኩ እኔም።

ከደሳለኝ የመጣው መልእክት አጭር ነበር። «ጋሼን እግዜር ይስጥልኝ በሉት፤ ቀለሙ እንዳይለቅ አደራ።» ክረምት ሳይገባ ማንም ሳያዘኝ ደግሜ ቀባሁት።

መዝጊያ ስትሠሩ ገጥማችሁ ስትጨርሱ ወጥታችሁ ከውጭ እዩት። ከውስጥ ብቻ ያየ ሰው ምን እንደሠራ አያውቅም።