ጥቁሩን ቤት ነጭ ያደረገችው ሙሉወርቅ

መርሳ ውስጥ «ቀለም የሚያውቅ ማነው?» ብትሉ ጣት ሁሉ የሚጠቁመው ወደ ሙሉወርቅ ነው። የግራና ከተማ ልጅ ናት። ወልድያ ፎቅ ሲሠራ ውሃ ልትቀዳ በቀን ሥራ ገብታ፣ ቀቢዎቹ ምሳ ሲወጡ ብሩሻቸውን እያነሣች ነው የለመደችው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም! ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባል የለ?

አምና ወይዘሮ ትርንጎ አስጠሯት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቤታቸው ደግሞ ግድግዳውም በሩም ቫርኒሽ በጠጣ ጥቁር ጣውላ የተሠራ፣ በቀትር የሚጨልም ነው። ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ልጃቸው ሳሙኤል፣ «ቤቱ እስከ ቅዳሜ ነጥቶ ያለ መሪ ካልሄድሽበት፣ ወልድያ እኔ ጋ ትገቢያለሽ» ብሎ ቆርጧል። እሳቸው ደግሞ «ከቤቴ? ሞቼ ልገኝ!»

ከሙሉወርቅ በፊት አንድ ችኩል ቀቢ መጥቶ ነጩን ከላይ ለቅልቆ ሄዶ ነበር። በሳምንቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሸለጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!

ሙሉወርቅ ግን ብሩሽ አልነካችም። ነጭ ጨርቅ አውጥታ ጣውላውን አሸት አደረገችው፤ ጨርቁ ጠቆረ።

«እማማ፣ ይኼን ምን ሲቀቡት ኖረው ነው?»

«ምን እቀባዋለሁ!» አሉ፤ ጨርቁን አስጠግተው ሲያዩት ግን አፈሩ። «ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሾፌር አልነበር? ከመኪናው የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይት ፋሲካ በመጣ ቁጥር እወለውልበት ነበር። ምስጥ እንዳይደፍረው ብዬ።»

«ወይ ጉድ! ሠላሳ ዓመት ዘይት የጠጣ እንጨት ቀለም ይይዛል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል! መዝጊያዎቹን ነቅላ ግቢ ውስጥ ደረደረች። ቫርኒሹን ልፋቅ ብላ ጊዜ አላጠፋችም፤ በኦሞና በሙቅ ውሃ፣ ቀጥሎም በቲነር አጠበችው፤ ብርጭቆ ወረቀት አሳልፋ ወዙን አጠፋች፤ ቀለሙን የሚያስይዘውን የመጀመሪያ ቅብ ቀብታ ነጩን ሁለት ጊዜ ደረበች። አንዱ ጎን ሲደርቅ ሌላውን እየያዘች፣ መዝጊያዎቹንም መልሳ ገጥማ፣ በሦስት ቀን ቤቱ ወተት መሰለ። አቤት እጅ!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳሙኤል ሲመጣ የመጨረሻውን፣ የመኝታ ቤቱን በር መቃን ቀብታ መጨረሷ ነበር።

«እስቲ እማዬ፣ መኝታ ቤትሽ ግቢ» አለ።

ወይዘሮ ትርንጎ ተነሡ። የተዘጋውን በር አልፈው ሄደው ግድግዳውን ይዳብሱ ጀመር። ግድግዳው ነጭ፣ መዝጊያው ነጭ፣ መቃኑ ነጭ! በምን ይለዩት?

«በቃ፣ ልብስሽን እንሸክፍ» አለ ሳሙኤል።

ሙሉወርቅ ብድግ አለች። ጨርቅ በቲነር ነክራ፣ መፋቂያዋን ይዛ፣ ያንን ያልደረቀ መቃን ዙሪያውን እስከ እንጨቱ ድረስ ፈቀፈቀችው። የገዛ ሥራዋን! ጥቁሩ መቃን ከነጩ መሀል ብቅ አለ።

«አሁን ይሂዱ፣ እማማ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ቀና አሉ። ግድግዳ ሳይነኩ ቀጥ ብለው ሄደው፣ መዝጊያውን ገፋ አድርገው ገቡ። ድምፃቸው ከውስጥ መጣ፦

«ሳሙኤል፣ ምሳህን ብላና መኪና ሳያመልጥህ ወደ ወልድያህ ሂድ።»