በፎቶ ቤቱ መስኮት የቆመው ተሳፋሪ

አምቦ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ዋናው አስፋልት በሚወጣው መንገድ ላይ አንድ ፎቶ ቤት አለ። መስኮቱ ላይ ሙሽሮች፣ ጥቁር ካባ የለበሱ ተመራቂዎችና ክርስትና የተነሱ ሕፃናት ተሰቅለዋል። በእነሱ መካከል ለረጅም ጊዜ የእኔ ባቡር ተሰቅሎ ነበር። ያን ጊዜ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ ገበያ የምሄደው በሁሉቃ ወንዝ በኩል ዞሬ ነበር። አሁን በየቅዳሜው በፎቶ ቤቱ በኩል አልፋለሁ፤ ቀስ ብዬም ነው የማልፈው። በመካከሉ የሆነውን ልንገራችሁ።

ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ድሬዳዋ፣ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ እጄ ግን ቆርቆሮ ይወዳል። የተበሳ ፉርጎ እጥፋለሁ፣ የተጨረመተ በር አቃናለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ጡረታ ስወጣ ወደ አገሬ ወደ አምቦ ተመለስኩ። አምቦ ደግሞ ባቡር የላትም። ድሬዳዋ ምን እንዳየሁ ሰው ሲጠይቀኝ በአፌ መናገር እያቃተኝ፣ አንድ ቀን ባዶ የዘይት ጣሳ አነሳሁና በመቀስ መቁረጥ ጀመርኩ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። መጀመሪያ የሚጎትተውን ሞተር ሠራሁ፣ ቀጥሎ ሰው የሚጫንባቸውን ሁለት ፉርጎዎች፣ በመጨረሻ የዕቃውን። ደረጃው አለ፣ የበሩ እጀታ አለ፣ የመቀመጫው ጀርባ ሳይቀር አለ። የቡሎኑን ራስ ከውስጥ በምስማር ጫፍ እየነካሁ አንድ በአንድ አወጣሁት። ባለቤቴ ለጎረቤት ስታወራ፣ «እኔን ትቶ ጣሳ አግብቷል፤ ጣውንቴ አትበላም አትጠጣም፣ ደግ ናት» ትል ነበር።

አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በየሻይ ቤቱ በሚወራበት ሰሞን፣ ሥራዬ ማስታወሻ ይኑረው ብዬ በካርቶን አድርጌ ወደ ፎቶ ቤቱ ወሰድኩት። ባለቤቱ የእኔን ልጅ የሚያክል፣ ከረባት የማይለየው፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። በአንድ እድር ነን። ያን ቀን ቤቱ በሚዜዎች ተሞልቶ ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው? የሰርዲን ዘመድ ነው?» አለ። ሚዜዎቹ ሳቁ።

ባቡሬን ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ለፊት የፕላስቲክ ዱካ ላይ አስቀመጠውና ከላይ ሆኖ በፍላሽ ቧ አደረገበት። ፎቶው ሲወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ቆርቆሮው እንደ አዲስ ጣራ ያብረቀርቃል። በፉርጎው መስኮት ውስጥ የዘይቱ ማስታወቂያ ፊደል ይነበባል። ከኋላው ጥቁር ጥላ መጋረጃው ላይ ተለጥፏል። ያ ሁሉ ዓመት የሠራሁት ነገር ከቆሻሻ ገንዳ የተለቀመ ይመስላል።

«እንዲህ አይደለም እኮ» አልኩት።

«ምን ላድርግ አባባ፣ ካሜራ አይዋሽም። ጣሳ ጣሳ ነው።»

በሳምንቱ ያንን ፎቶ አሳድጎ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ከሥሩ በትልቁ «በቅርብ ቀን አምቦ ይገባል» ብሎ ጻፈበት።

ከዚያ ወዲያ ስሜ ጠፋ። ኦቦ ጣሳ ሆንኩ፤ አቶ ጣሳ እንደማለት ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ሲያዩኝ ጥሩምባቸውን እንደ ባቡር እያስጮሁ፣ «ኦቦ ጣሳ! አካም ጅርቱ? ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ለዘመድ ጉዳይ ጌዶ ድረስ ሄጄ አንድ የከብት ነጋዴ አፍጥጦ ሲያየኝ ቆየና፣ «የጣሳ ባቡሩ እርስዎ ነዎት አይደል?» አለኝ። ጌዶ ድረስ! ድሬዳዋ ውስጥ ሥራዬን አይቶ አለቃዬ ባርኔጣውን ያነሳልኝ ሰው ነበርኩ።

ሄጄ በትሕትና ለመንኩት። «ልጄ፣ አውርድልኝ» አልኩት።

«ምን ከፋዎት? ታዋቂ አደረግኩዎት እኮ! ሰው ሊስቅ ይቆማል፣ የቆመ ደግሞ ገብቶ ፎቶ ይነሳል» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀንም እሺ ብዬ ወጣሁ። ቂም ግን ያዝኩ። ቂሜንም እንደ ባቡሩ ቀስ ብዬ፣ ቡሎን በቡሎን ነው የሠራሁት። ካሜራ አይዋሽም ያለበትን አፉን በካሜራ ልዘጋው ወሰንኩ።

ከልጄ የተረፈ ስልክ ነበረኝ፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ካሜራው ግን ደህና። መጀመሪያ ያነሳሁት ሁሉ የእሱኑ የመሰለ ሆነ። ብዙ ቆይቼ ነው ነገሩ የገባኝ። ባቡርን ከላይ የሚያየው ጭልፊት ብቻ ነው፤ ሰው ባቡርን ቀና ብሎ ነው የሚያየው። ስለዚህ ባቡሩን ሳንቃ ላይ አድርጌ መሬት ላይ አኖርኩትና ሰሌን ዘርግቼ በሆዴ ተኛሁ።

ባለቤቴ ከበር ቆማ፣ «ምን ወድቆብህ ነው?» አለች።

«ለገሃር ቆሜ ባቡር እየጠበቅኩ ነው።»

«እንግዲያው ሲመጣ እኔንም አሳፍረኝ፤ አንተን ማየት ሰልችቶኛል።»

ቀጥሎ ብርሃን ሆነ ጣጣዬ። በቀን መስኮቱን በብርድ ልብስ እጋርድና በእጅ ባትሪ እሞክራለሁ። ጨለማው እንዲጠፋ ብዬ በግራም በቀኝም ባትሪ አበራሁ፤ ባቡሩ ግራና ቀኝ ጥላ አወጣና ይበልጥ መጫወቻ መሰለ። ፀሐይ አንድ ናት። ሁለት ጥላ ያለው ነገር እውነት አይመስልም። አንዱን ባትሪ አጠፋሁና ሌላውን ራቅና ዝቅ አድርጌ አቆምኩት። ከነጭ ጀሪካን ጎን ቆርጬ ፊቱ ስጋርድበት ብርሃኑ ለሰለሰ፤ የጠዋት ፀሐይ ሆነ። በጥላው በኩል፣ ሻይ ቤት ከሚያጨሱት የለመንኩትን የሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ካርቶን ላይ ለጥፌ አቆምኩ፤ ብርሃኑን ትንሽ ትንሽ ይመልስልኛል።

ብልጭታውን ለመግደል አመድ በውሃ በጥብጬ በጨርቅ ቀባሁት፤ ቆርቆሮው የበረሃ አቧራ የጠጣ ሆነ። ከሁሉቃ አሸዋ አምጥቼ በወንፊት ነፋሁና ሳንቃው ላይ ከሠራሁት ሐዲድ ሥር ነሰነስኩት። ከተጣሉ ላይተሮች ቂጥ ላይ ያለችውን ትንሽ አምፖል እየነቀልኩ ፉርጎዎቹ ውስጥ አስገባሁ። ብርሃኗ እንደ ሆስፒታል ነጭ ነበረች፤ ቢጫ የከረሜላ ልጣጭ ባለብሳት የድሮው ፉርጎ ውስጥ ያለችው መብራት ራሷ ሆና ቁጭ አለች። ያን ቀን ያነሳሁትን ሳየው የጋራዡ ዘይት ሸተተኝ።

ባለቤቴ ስልኩን ነጥቃኝ ደጋግማ አየችው። እሷ ሳትቀልድ ካለፈች ትልቅ ነገር ነው።

«በል እንግዲህ ለሰው አሳይና ተገላገል።»

«ገና ነው» አልኳት።

አሳይቼ ሰው ጎሽ እንዲለኝ አልነበረም የፈለግኩት። ያ ፎቶ ከዚያ መስኮት እንዲወርድና በቦታው የኔ እንዲሰቀል ነበር የፈለግኩት፤ የሚሰቅለውም እሱ ራሱ እንዲሆን።

በመካከሉ ጎረቤታችን ሞተና እድርተኛው ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ። እንደ ልማዳችን ታናናሾቹ ለታላላቆቹ እጅ ያስታጥባሉ። የእኛን አግዳሚ የያዘው ፎቶ አንሺው ነበር። ማስታጠቢያውን ይዞ ጎንበስ እያለ መጣና እኔ ዘንድ ደረሰ። እጄን ወደ ጋቢዬ ሰበሰብኩ። ውሃው መሬት ፈሰሰ። አግዳሚው ሁሉ አየ። የሽማግሌ እጅ ውሃህን እምቢ ካለ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር የማያውቅ የለም።

ነገሩ እሱን ያስጨነቀው ወዲያው አይደለም። ልጁን ሊድር ሲያስብ ነው። ሽማግሌ ቂም ይዞበት ደጁ ድንኳን የሚተክል ሰው የለም፤ ቢተክልም የሙሽራው ወገን ይጠይቃል። እናም አንድ እሁድ የእድራችን ዳኛ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር በእጃቸው እርጥብ ሰርዶ ይዘው ደጄ ቆሙ። ባለጉዳዩ ከአጥሩ ውጭ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ መሬት መሬት ያያል።

«አራራ ብለናል፤ ዕርቅ እንለምናለን» አለ ዳኛው። ሰርዶ ይዞ የቆመን ሰው አቁሞ መተው ነውር ነው። አስገባኋቸው።

«አንተ ዝምተኛ ሰው ነበርክ፤ ምን ነካህ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ለዚህ ብዬ ጸሎቱን ቀነስ አድርጌዋለሁ።»

ዳኛው ሳቁን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። «እሺ፣ ምን ይካስህ? በግ?»

«በግ አልፈልግም። የሰቀለው ፎቶ ይውረድ። በቦታው እኔ ያነሳሁት ይሰቀል፤ በዚያው ልክ፣ በዚያው ጽሑፍ። ፎቶው ውስጥም እሱ ራሱ እኔ ካቆምኩት ቦታ ቆሞ ይነሳል።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ቀላል ካሳ ሰምተው አያውቁም። ፎቶ አንሺውን ጠርተው ነገሩት።

«እስከ መቼ ነው የሚሰቀለው?» አለ።

«እስክሞት ድረስ» አልኩት።

ቀና ብሎ ሽበቴን አየ፣ ምርኩዜን አየ። ወዲያው ቶሎ ብሎ፣ «እሺ አባባ፣ ደስ ይለኛል» አለ። ሰርዶውን ይዞ ማለ። ሽማግሌዎቹ መረቁን።

በቀጠሮው ቀን፣ ፀሐይ ወደ ጌዶ በኩል ስታዘቀዝቅ፣ ሁሉን ጓሮ አሰናድቼ ጠበቅኩት። ሳንቃውን በርሜል ላይ አድርጌ ባቡሩን ደርድሬበታለሁ፤ አሸዋው ተነስንሷል፣ ፉርጎዎቹ ውስጥ መብራት በርቷል። ከበስተጀርባው ጎመኑ፣ ከዚያ የድንች ማሳው፣ ከዚያ የወንጪ ተራራ ነው። ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆነው ዛፉ ሥር ተቀመጡ። እሱ አዲስ ከረባት አስሮ መጣ። ባቡሩን ሲያይ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

የድሮ ሻንጣዬን ሰጠሁትና፣ «ወደኋላ ሂድ» አልኩት።

ሄደ።

«ገና ነህ። ጎመኑን እንዳትረግጥ።»

«እዚህ ጋ ይበቃል አባባ?»

«ሂድ፣ ሂድ።»

ድንች ማሳው መካከል ሲደርስ ቆመ። ይሄ ሥራው ነው፤ ለስልኩ የቀረበው ትልቅ፣ የራቀው ትንሽ እንደሚሆን ከእኔ በፊት ያውቃል። አሁን ገባው። «አባባ! ከዚህ በላይ ከራቅኩ እኮ ምንም አላክልም!» ብሎ ጮኸ።

«ካሜራ አይዋሽም!» አልኩት።

«እናንተ ሽማግሌዎች፣ እስቲ እዩኝ…»

«ምለሃል ልጄ!» አለ ዳኛው ከተቀመጠበት። «ሂድ ባለህ ሂድ!»

አጥሩ ጥግ እስኪደርስ ሄደ። እኔ ከስልኩ ኋላ ጎንበስ ብዬ፣ እግሩ ከሳንቃው ጠርዝ ጋር እስኪገጥም ግራ ቀኝ አልኩት። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት ፎቶ የሚነሳውን ሰው ሲለው የኖረውን ለራሱ መልሼ አልኩት። «አገጭ ቀና! ትከሻ ዝቅ! ዓይን አትጨፍን! ፈገግ!» ፈገግ አላለም። ለተሳፋሪ ደግሞ የተኮሳተረ ፊት ነው የሚያምረው።

ፎቶው እንዲህ ነው። ግዙፍ ባቡር ቆሟል፤ አቧራ ለብሷል፣ በመስኮቶቹ ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ይታያል፣ ጥላውም አንድ ነው። ከኋላ የወንጪ ተራራ አለ። ከባቡሩ ጎን፣ ጭንቅላቱ ከበሩ እጀታ የማያልፍ፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ሻንጣውን ይዞ የሚያስገባው አጥቶ ቆሟል።

ሰቀለው። ቃሉን በላ አልልም። ሠርጉም በሰላም አለፈ፤ እጄን በእሱ ውሃ ታጠብኩ።

ከጌዶ የሚመጡ መንገደኞች ከሚኒባስ ወርደው መስኮቱ ላይ «በቅርብ ቀን አምቦ ይገባል» የሚለውን እያነበቡ፣ «እውነት ሐዲድ ሊዘረጋ ነው?» ብለው ገብተው ይጠይቁታል። የባጃጅ ሾፌሮቹ ለእኔ መጮኽ ትተው በእሱ በር ያስጮሃሉ፤ «ጋሼ ተሳፋሪ! ዛሬም ባቡሩ ጥሎዎት ሄደ?» እኔ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ በስኳሩ ላይ ይህን ሳቅ እየጨመርኩ ሻዬን እጠጣለሁ።

አንድ ጊዜ ቤቴ መጣ። ሰው ሁሉ ከባቡሩ ጋር አንሳን ብሎ አስቸግሮታል፤ ሙሽሮች ሳይቀሩ። ባቡሩን ለጥቂት ጊዜ እንዳውሰው ጠየቀኝ።

«ምን ያደርግልሃል ልጄ?» አልኩት በለሆሳስ። «ጣሳ ጣሳ ነው።»

ባለቤቴ ከጓዳ ስትስቅ ሰማሁ። እሱም ሰማ። ሻይ አቅርበንለት ጠጥቶ ሄደ።

እንግዲህ በየቅዳሜው በዚያ በኩል የማልፈው ለዚህ ነው። መስኮቱ ፊት ቆም እልና ፎቶው በቦታው መሆኑን አያለሁ፤ ፀሐይ እንዳያነጣው መጋረጃ እንዲያደርግለትም ነግሬዋለሁ። እሱ ሲያየኝ ከቤቱ ይወጣል። ከአምቦ ሰው ሁሉ አጥብቆ ጤናዬን የሚጠይቀኝ እሱ ነው።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? ሳሉስ?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ፈጣሪ ይመስገን» እለዋለሁ። «ምርኩዙንም ሰሞኑን ትቼዋለሁ።»