በልዩ ልዩ የሥራ መስክ

የእድሩ ጸሐፊ አቶ ገብረ ማርያም የሟቹን የሕይወት ታሪክ ጽፈው የመጡት ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ ነበር። ቀብር ላይ ከመነበቡ በፊት ቤተሰብ መስማት አለበትና የሟቹን ታላቅ ልጅ ወለላን ወደ ጓሮ ጠሯት። አባቷ መርሻ ያረፈው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሲሬ ገጠር ተወለደ፣ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ የሚለው ደህና ነበር። ቀጥለው «ከዚያም በልዩ ልዩ የሥራ መስክ ተሰማርቶ ቆይቶ፣ በአሰላ ከተማ በግል ሥራ ይተዳደር ነበር» ብለው ሲያነቡ ወለላ አስቆመቻቸው።

«ልዩ ልዩ ምን?»

ወለላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው መዝገብ አያያዝ ነው፤ የምትሠራውም አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው። መዝገብ ክፍል ደግሞ «ልዩ ልዩ» የሚባል ፋይል አያጣም። የት እንደሚቀመጥ ያልታወቀ፣ ወይም ማንም የኔ ነው ብሎ ሊፈርምበት ያልፈለገ ወረቀት ሁሉ እዚያ ይገባል። እዚያ ከገባ በኋላ ፈልጎ ያገኘው ሰው ግን አላየችም።

አቶ ገብረ ማርያም ክፉ ሰው አይደሉም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብለው ጀመሩና፣ መርሻ የነበረበት ጦር በመቃብር ፊት የሚነሣ እንዳልሆነ አስረዷት። ምርኮውም ቢሆን ለልጆቹ ስም አይበጅም። ደግሞ ጎረቤቷ እማማ ደብሪቱ ቀብሩ ላይ ይገኛሉ፤ አንድ ልጃቸው ከመርሻ ጋር በአንድ ዓመት ተወስዶ፣ የት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያንን ቁስል መነካካት ምን ይጠቅማል? ጎሚስታነቱንም «የግል ሥራ» ማለት ይሻላል፤ ያምራል።

ወለላ ወረቀቱን ተቀበለቻቸውና መስመሩን ደግማ አነበበችው። አባቷ እንዲህ የሚያምር ሰው አልነበረም።

መርሻ ጦር የገባው ወዶ አይደለም። አህያ ጭኖ ለገበያ እንደ ወጣ ይዘው መኪና ላይ ጫኑት፤ አህያዋ ብቻዋን ወደ ቤት ተመለሰች። ሰሜን ተዋጋ፣ ቆሰለ፣ ሁለት የእግር ጣቶቹን እዚያው ጥሎ ተማረከ። መንግሥት ሲወድቅ ጦሩ ተበተነና፣ እየለመነ፣ እያነከሰ፣ በእግሩ ሲሬ ገባ። እናቱ ሞቷል ብለው አልቅሰው፣ ፍታት አስፈትተው፣ ተዝካሩን ካወጡ ቆይተዋል። ጎረቤቱ እልል እያለና እያለቀሰ ሲከበው የመጀመሪያ ንግግሩ፣ «የራሴን ተዝካር ሳልበላ ቀረሁ፤ ለመሆኑ ጠላው እንዴት ነበር?» የሚል ነበር ይባላል።

የወለላን እናት ተሻለችን ለትዳር ሲጠይቅ የተሻለች አባት፣ የተበተነ ሰው ትዳር አይሰበስብም ብለው ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ መለሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲልክ፣ ልማዱን ጥሶ ራሱም ተከትሎ ገባና በሩ ላይ ቆመ። የተበተነው ጦሩ ነው እንጂ እኔ ይኸው አንድ ላይ ነኝ፤ ጣቶቼ ብቻ ናቸው የጎደሉት አለ። ሰውየው ሳይወዱ ሳቁ፤ የሳቀ ደግሞ እንቢ ማለት ይቸግረዋል።

አሰላ፣ ከአውራው መንገድ ዳር፣ በተዋሰው ክሪክና በእጅ መንፊያ ጎሚስታ ሆነ። አሮጌ ጎማ ሰቅሎ በነጭ ቀለም «ወታደሩ ጎሚስታ» ብሎ ጻፈበት። የቀበሌ ሰው መጥቶ «ወታደሩ» የሚለውን አጥፋ ሲለው፣ ቀለሙ አልቆብኛል ብሎ መለሰ። ሰውየው ሌላ ቀን ቀለም ይዞለት መጣ። መርሻ አመስግኖ ተቀበለና ፊደሎቹን አደመቀበት።

የጭላሎ ጉም ከተማውን ሸፍኖት ሳለ እሱ ተነሥቷል። ክረምት ከበጋ እጁ በውኃ ውስጥ ነው፤ የውስጥ ጎማውን ገንዳ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። ማታ እጁን በአሸዋና በሳሙና ፈትጎ ሳያጠራ ልጆቹን አይነካም፤ ሲነካቸው ደግሞ የጥናት ደብተራቸውን አስከፍቶ፣ ያልገባውን ትምህርት ሁሉ እንዲያስረዱት ያደርግ ነበር። ወለላ መዝገብ አያያዝ ምን እንደሆነ ስትነግረው፣ የጠፋውን ማግኘት ነው ካልሽ እሱማ የኔ ሥራ ነው አላት።

የስንዴ አጨዳ ሲደርስ ኮምባይነር የቆመበት ማሳ ድረስ ይሄዳል። አንድ ዓመት አርቦዬ በኩል ጎማ ፈንድቶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ያልታጨደው ስንዴ ገና ብዙ ነበር። የኮምባይነሩ ሾፌር ቱሳ አጠገቡ ይንቆራጠጣል።

«ኦቦ መርሻ፣ ይፍጠኑ እንጂ! ዝናቡ መጣ።»

«እንግዲያው አንተ ዝናቡን ያዝ፤ እኔ ጎማውን ይዣለሁ።»

ቱሳ ይህን ወሬ ጎበሳ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳወራው አይታወቅም። ዛሬም ከድንኳኑ ፊት ቆሞ፣ ሊያለቅስ መጥቶ፣ ለማያውቁት ሰዎች እየነገረ ያስቃቸው ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ «ልዩ ልዩ» ነው?

ወለላ ብዕር አውጥታ መስመሩን ሰረዘች፤ በጎኑ በደቃቅ ጽሕፈት ሞላችው። አቶ ገብረ ማርያም መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አነበቡና፣ እኔ ይህን አላነብም አሉ።

«ለአባቴ አንድ ጊዜ ሳይሞት ተለቅሶለታል» አለች ወለላ። «አሁን ደግሞ እንዳልኖረ አድርጋችሁ ልትቀብሩት ነው? ካላነበቡት እኔ አነብበዋለሁ፣ ጋሼ።»

«የሟች ልጅ እንባዋን ታነባለች እንጂ ወረቀት ታነባለች እንዴ?»

«ሁለቱንም እችላለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጸሎቱ እንዳበቃ፣ ወለላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሣጥኑ ራስጌ ቆመች። ወንዶቹ ተያዩ። አንዱ የእድር ሽማግሌ ለአቶ ገብረ ማርያም በአገጩ ምልክት ሰጠ፤ እሳቸውም ወረቀቱን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። ተሻለች፣ ሴቶች ደግፈዋት ከቆመችበት ሳትነቃነቅ፣ «ተዉአት፤ ታንብብ» አለች። አቶ ገብረ ማርያም እጃቸውን ሰበሰቡ።

ወለላ አነበበች። ከገበያ ተይዞ መወሰዱን አነበበች። «ወታደር ነበር» ስትል ከኋላ ማጉረምረም ተሰማ፤ አልቆመችም። «ቆስሎ ተማረከ፤ በእግሩ ተመለሰ» አለች። «ጎሚስታ ነበር» ስትል ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ወረደ፤ ማጉረምረሙም ከፍ አለ። አቶ ገብረ ማርያም ሰዓታቸውን አዩና፣ ይበቃል፣ ሰውም ደክሞታል አሉ።

ያን ጊዜ ሕዝቡ መሐል መንገድ ተከፈተ። እማማ ደብሪቱ ናቸው፤ በምርኩዛቸው ሰዉን ገለል እያደረጉ እስከ ሣጥኑ ድረስ መጡ። አቶ ገብረ ማርያም ሊደግፏቸው ሲጠጉ አሮጊቷ እጃቸውን መነጨቁ። ወለላን ቀና ብለው አዩአት።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ልጄ» አሉ። «ስለዚያ ስለ ጦሩ ያልሽውን አልሰማሁትም።»

ማጉረምረሙ ቆመ። መቃብር ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደገፉ። ወለላ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና «ወታደር ነበር» ከሚለው እንደገና ጀመረች።