የፈንታው ደበርጃን

የእህቴ ባል ፈንታው ስለ ምግብ ሲያወራ ጠግቦ የሚያድር ሰው ነበር። በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ሄዶ የአንድ ጣሊያን ሹም ጓሮ ሲኮተኩት ሦስት ዓመት ኖሯል፤ ጣሊያን ለቆ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ የፈንታው ወሬ ከዚያ ጓሮ ፈቅ አላለም ነበር። በተለይ አንድ አትክልት ነበረችው፣ ደበርጃን የምትባል። ቆዳዋ ወይን ጠጅ ሐር ነው፤ ሥጋዋ አፍ ውስጥ እንደ ቅቤ ይቀልጣል፤ ጣሊያኑ ያለ እሷ ምሳ አይበላም፤ «ሲበላም እኔን ሳይጠራ አይቆርስም ነበር» እያለ በማኅበሩም፣ በተዝካሩም፣ በሰርጉም ያወራል። እኛ ደግሞ ጋይንቶች ነን። አገራችን ብርድ ነው፤ ገብስና ባቄላ፣ ሲቀናን ድንች ካገኘን ፈጣሪን አመስግነን የምንተኛ ሰዎች ነን። የፈንታውን ደበርጃን ሰምተን ሰምተን ሽሯችንን ስንበላ እናፍር ጀመር።

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር አስተርዮ ማርያም ዕለት፣ አቶ ጓዴ ቤት ጠላ ላይ ተቀምጠን ፈንታው እንደ ልማዱ ደበርጃኑን ጀመረ። ግራዝማች ጣሰው ሰለቻቸው። ግራዝማች ብዙ መሬት፣ ከመሬታቸውም የበለጠ ብዙ ሙግት ያላቸው ሰው ነበሩ።

«እስቲ እዚህ አብቅለህ አሳየና!» አሉት። «ንፋስ መውጫ ላይ ከገብስ ሌላ የሚያፈራው ሙግት ብቻ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፈንታው ሦስተኛ ዋንጫውን ጨርሶ ስለነበር አብሮ መሳቁ አልሆነለትም። ብድግ አለና ኩታውን አደግድጎ፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው፣ «እስከ ሰኔ ሚካኤል ድረስ ከገዛ ጓሮዬ አንድ ፍሬ ደበርጃን ቆርጬ ባላሳይ በበቅሎ እወራረዳለሁ!» አለ።

«በቅሎ በበቅሎ!» አሉ ግራዝማች።

በአገራችን ሰው በነገር ሲጠቃ ውርርድ ያስገባል። ለትንሹ ነገር ማር ወይ በግ ይበቃል፤ ነገሩ ሲከር በቅሎ ይመጣል። ውርርድ አንዴ ከአፍ ወጥቶ ዋስ ከተጠራለት፣ ሰውየው ጠዋት ስካሩ ቢለቀውም መመለሻ የለውም። ፈንታውን «ዋስ ጥራ» ሲሉት ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ጣቱን እኔ ላይ ቀሰረ። «መንግስቴ አለልኝ!» እንቢ ብል የእህቴን ባል በሰው ፊት ማዋረድ ነው። እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሦስተኛው ላይ ነበርኩ።

በቅሎዋ የራሱ ብትሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። በቅሎዋ የእህቴ የውባለም ናት፤ አባታችን ሲድራት የሰጣት። እናታችን ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ ነው የምትኖረው፤ ዓይኗ ጠፍቷል። ውባለም ደግሞ ከመጨረሻው ወሊዷ ወዲህ ጉልበቷን ያማታል፤ ያንን ሁሉ ገደል በእግሯ ወርዳ መውጣት አትችልም። በዓመት ሁለት ጊዜ በቅሎዋ ላይ ወጥታ እናታችንን አይታ ትመለሳለች። በቅሎዋ ከሄደች እናትና ልጅ በመልአከ ሞት ካልሆነ በቀር አይገናኙም ማለት ነው። ይህ ሁሉ የተያዘው በጨርቅ ተቋጥሮ ገና ከጎንደር ባልመጣ ዘር ነበር።

እህቴ ወሬውን ስትሰማ አልጮኸችም። «ዋሱ ማነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ማን እንደሆነ ሲነግሯት፣ ቤቷ ስሄድ ለሁለት ሳምንት ውሃ እንኳ አላቀመሰችኝም።

አሁን ፈንታውን ማመስገን ሊኖርብኝ ነው፤ አልወደውም፣ ግን እውነት ነው። ሰውየው ሞኝ ቢሆንም አትክልተኛ ነው። ዘሩን ከጎንደር ነጋዴ እንዳገኘ ሜዳ ላይ አልበተነውም። በተሰበረ ገንቦ ውስጥ አፈርና ፍግ ደባልቆ ዘራና ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠው። እህቴ ወጥ ስትሠራ የባሏን ገንቦ እየዞረች ነው። ከሃያ ቀን በኋላ አሥራ ሁለት ቡቃያ ብቅ አለ። መጋቢት ገብቶ ብርዱ ለዘብ ሲል ችግኙን ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ከምትመታው የድንጋይ ካብ ሥር ተከለው። ካቡ ነፋሱን ይከልላል። በየግንዱ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ ደረደረ፤ ቀን የጋለ ድንጋይ ሌሊት ሥሩን ያሞቀዋል አለን። የሚያጠጣውን ውሃ እንኳ ፀሐይ ላይ አቆይቶ ለብ ሳይል አያፈስም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በየችግኙ ላይ አሮጌ እንስራ ይደፋበታል፤ እንስራው አልበቃ ሲለው ጋቢውን አለበሳቸው። እሱ በአጎዛ ተጠቅልሎ ያድርና ጠዋት ሲያስነጥስ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።

ሰው ሁሉ ሊያይ ይመጣ ጀመር። ቅጠሉ ሻካራ ነው፤ ግንዱ እሾህ አለው፤ አበባው ወይን ጠጅ ነው። ቆላ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ገና ከሩቅ ሲያየው «ይኼማ እምቧይ ነው!» ይላል። እምቧይ ፍየል እንኳ የማይደፍረው መራራ አረም ነው። ፈንታው እምቧይ ጋቢ አለበሰ የሚለው ወሬ አርብ ገበያ ደርሶ፣ እዚያ ትንሽ ወፍሮ ተመለሰልን። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ቅጠሉን ባየሁ ቁጥር እጠራጠር ነበር። ነጋዴው እምቧይ ሸጦለት ቢሆንስ?

ከአሥራ ሁለቱ ችግኝ አራቱ ብቻ ለግንቦት ደረሱ። አበባ በአበባ ሆኑ፤ አበባውን ነፋስ አረገፈው። በመጨረሻ አንዱ ግንድ ላይ ስድስት ፍሬ ተገኘ። ፈንታው ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ቆየና አምስቱን በጥፍሩ ቀነጠሳቸው።

«አብደሃል?» ብዬ ጮህኩበት።

«ለስድስት የሚሆን ሙቀት ጋይንት ውስጥ የለም» አለኝ። «ለአንዱ ከተገኘም ስለቴ ሰመረ ማለት ነው።»

ሰኔ በገባ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ሮጬ ስደርስ እንስራው ተሰባብሯል፤ ፈንታው ተክሉ ላይ በእጁና በጉልበቱ ተደፍቶ ጣራ ሆኖለታል፤ እህቴ እያነከሰች አጎዛውን ጀርባው ላይ ትጥላለች፣ ነፋሱ ይወስደዋል፣ መልሳ ትጥላለች። ጀርባው ለሳምንት ጠቁሮ ሰነበተ። ፍሬዋ ግን ተረፈች። ከዶሮ እንቁላል ጥቂት ትበልጣለች። እህቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብላ ዳሰሰቻት።

ሰኔ ሚካኤል ቅዳሴው እንዳለቀ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከወይራው ሥር ተቀመጥን። ዳኛው ቄስ ቀለመ ወርቅ ነበሩ፤ የፈንታው የንስሐ አባት፣ ቅኔ አዋቂ፣ ደበርጃንን ግን በየትኛውም መጽሐፍ ያላገኟት። የግራዝማች በቅሎ ከዛፉ ታስራለች። የእህቴን በቅሎ እህቴ ራሷ ልጓሟን ይዛ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች።

ፈንታው ፍሬዋን ከነጭ ጨርቅ ፈትቶ አቀረበ። ግራዝማች አገላብጠው አዩዋት።

«እምቧይ» አሉ።

«እምቧይ ሲበስል ቢጫ ነው፤ ይኼ ወይን ጠጅ አይደለም?» አለ ፈንታው።

«ብርድ የመታው እምቧይ ነዋ! በጥር ብርድ የኔ አፍንጫ ምን ቀለም ነው?»

አደባባዩ ሳቀ። ጋይንት ውስጥ ያሳቀ ተሟጋች ግማሹን ረትቷል።

ቄሱ እጃቸውን አነሱና ዝም አሰኙን። «ነገሩ አያስቸግርም። ደበርጃን በልቶ የሚያውቅ ሰው ጣዕሙን ይመስክር። ከዚያ ይህችን ጠብሰን እንቀምሳለን። ቃሉና ጣዕሙ ከገጠሙ ፈንታው ረታ። በልቶ የሚያውቅ ማነው?»

ሁላችንም ፈንታውን አየነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያበላን እሱ አይደለም? እኔማ ደስ አለኝ፤ ነገሩ አለቀ አልኩ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ።

«ልጄ ፈንታው፣ በሚካኤል ደጅ ሐሰት ብትናገር ውግዝ ሁን። ደበርጃን ሲበሉት ምን ምን ይላል?»

እኔ በሆዴ፣ አንተ ሰው፣ ጣፋጭ ነው በል፣ መራራም ቢሆን መራራ ነው በል፣ ብቻ አንድ ነገር በል እለዋለሁ። ፈንታው መስቀሉን አየ፤ በቅሎዋን አየ፤ ከዚያ እህቴን አየ።

«አላውቅም» አለ።

«ምን አልክ?»

«አልበላሁትም አባቴ። መትከሉን እተክላለሁ፤ ለቅሜም እስከ ወጥ ቤቱ በር አደርሳለሁ። ከበሩ ወዲያ የአገሬው ሠራተኛ አይገባም። ሲጠበስ ሽታውን በመስኮት አውቀዋለሁ እንጂ ጣዕሙን አላውቀውም።» ቀጥሎም፣ «ሽታው ከልቤ ስላልወጣ ነው የተከልኩት» አለ።

ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ተናደድኩ፣ አሁንም ድረስ እናደዳለሁ። ይህ ሰው ሃያ ዓመት ሲዋሸን አንድ ዋንጫ ጠላ እንኳ አላስከፈልነውም፤ አንድ ቀን እውነት ቢናገር በቅሎ አስከፈልነው።

«መቅመሱ አይሻልም አባቴ? መራራ ካልሆነ እምቧይ አይደለም» አልኩ።

«ከምን ጋር እናስተያየዋለን? እምቧይ ያልሆነ ሁሉ ደበርጃን ነው እንዴ? ዱባም እኮ እምቧይ አይደለም» አሉኝ። ቅኔ ከሚያውቅ ሰው ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ምስክር የለም፣ ፈንታው ተረትቷል ብለው ፈረዱ።

ማስረከብ የዋስ ግዴታ ነው። የገዛ እህቴን በቅሎ ከገዛ እህቴ እጅ ተቀብዬ ለግራዝማች የሰጠሁት እኔ ነኝ። እህቴ ልጓሙን ስትለቅ የበቅሎዋን ግንባር አንድ ጊዜ አሸት አደረገችው። ግራዝማች አፍረው ነበር፤ ልጓሙን ሲቀበሉኝ ወደ እሷ አላዩም። አፍረው ግን በቅሎዋን ይዘው ሄዱ።

ቤት ስንደርስ ውባለም ያበጠ ጉልበቷን ዘርግታ ምድጃው ዳር ተቀመጠች። ፍሬዋን ከፈንታው እጅ ወሰደችና ፍሙ ላይ ጠበሰቻት። ቆዳዋን ልጣ፣ ጨውና የኑግ ዘይት ጨምራ፣ ሽንኩርት ከትፋባት ሦስት ቦታ ከፈለቻት። ለእያንዳንዳችን አንድ ጉርሻ እንኳ አልሞላም።

ፈንታው ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። አላመጠና ዋጠ። ጠበቅነው።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ምንም ምንም አይልም» አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ።

እኔም ቀመስኩ። እውነቱን ነው፤ አይጣፍጥም፣ አያስጠላም። መራራ ግን አልነበረም። እምቧይ አለመሆኑን እኛ ሦስታችን አወቅን፤ ፍርዱ ግን አልፏል።

ውባለም ድርሻዋን አልነካችም። ሲያለቅስ አየችው፣ ከዚያ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«ብላ እንጂ» አለችው፤ «በቅሎ እኮ ነው የምትበላው።»