ለእጄ የሚስማማው ሽጉጥ

ፋብሪካው ለጥበቃ ሥራ ሴቶች እንደሚፈልግ የሰማሁት የውሃ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለን ደብረ ብርሃን ከገባን ሁለተኛው ክረምት አልፎ ነበር። በመጠለያው ውስጥ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ሸራ ቤት እንኖራለን። እሱ የቀን ሥራ ሲያገኝ ድንጋይ ይሸከማል፣ እኔ የሰው ልብስ አጥባለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ እጅ ያደርቃል እንጂ ልብስ አያደርቅም።

ተመዘገብኩ፤ ተቀበሉኝ። ሥራዬ ሴት ሠራተኞችን በር ላይ መፈተሽ ነበር። ብዙም ሳልቆይ የጥበቃ ኃላፊው ጠራኝና ዋናውን መጋዘን ታጥቀው የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች እንደሚያስፈልጉት፣ አንዷ እኔ እንድሆን እንዳሰበ ነገረኝ። ሁለተኛዋ ከደብረ ሲና የመጣች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ቆሎ ስትሸጥ ያደገች ልጅ ነበረች። ለምን እኔን እንደመረጠ ብጠይቀው ረጋ ያልኩ ስለሆንኩ ነው አለኝ። ተሳስቷል። ዝም የምለው ስለምፈራ ነበር።

ለባለቤቴ ስነግረው ጫማውን እያወለቀ ነበር። እጁ ማሰሪያው ላይ ቆመ።

«ከተኩስ ሸሽተን መጥተን አንቺ ተኩስ ልትማሪ ነው?»

ደመወዙ ከመጠለያው ሊያወጣን እንደሚችል ነገርኩት። አልከለከለኝም፤ ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮ ተኛ።

የተኩስ መለማመጃው በአንኮበር መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለ ጎድጓዳ ሜዳ ነው። ጫፉ ላይ ትልቅ የአፈር ክምር አለ፤ ከፊቱ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የተመቱ የካርቶን ዒላማዎች ቆመዋል። አሰልጣኛችን ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ፣ የአንኮበር ሰው ናቸው። በአሮጌ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ይደርባሉ፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ላይ ጆንያ አንጥፈው ሦስት ሽጉጦች ደረደሩልን። ዛሬ ምርጫ የለም፣ መጀመሪያ ሁሉንም እወቋቸው አሉን።

አንደኛው አሮጌ ስድስት ጎራሽ ነው። የእንጨት እጀታው በብዙ ሰው መዳፍ ታሽቶ ልሟል፤ ጥይቶቹ የሚገቡት መሃሉ ላይ በሚሽከረከረው ድቡልቡል ብረት ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ሁለተኛው ራሽያ ሠራሽ፣ አጭርና ሁለመናው ብረት የሆነ፣ ከቁመቱ በላይ የሚከብድ። ሦስተኛው ቱርክ ሠራሽ ነው፤ አዲስ፣ እጀታው ፕላስቲክ፣ የጥይት መያዣ ካርታው ከራሽያው ብዙ የሚይዝ።

የደብረ ሲናዋ ቱርኩን ስታነሳ ሳቀች፤ ከሞባይል አይከብድም አለች። ተኮሰችበት፤ የካርቶኑን መሃል መታችው። ቀጥሎ እኔ ነበርኩ። ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ከላዩም መሸፈኛ አድርጌያለሁ፤ ድምፁ ግን በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ገባ። ሃምሳ አለቃ የእጄን አንጓ ይዘው ሽጉጡን ባይወስዱልኝ ኖሮ እንጃ። እግሬ ራሱ ወስዶኝ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ።

ከቀዬአችን የወጣን ዕለት የመጀመሪያው ተኩስ የተሰማው ከበቆሎው ማሳ ማዶ ነበር። ላሚቷን እየጎተትኩ ነበር፤ ገመዱን ለቅቄ ሮጥኩ። ላሚቷ ግን አልሮጠችም፤ ቆማ ታየኝ ነበር። ዛፉ ሥር ሆኜ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ የላሚቷ አስተያየት ነው።

ሃምሳ አለቃ መጥተው ትንሽ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እሳቸውም እስከ ዛሬ በር በኃይል ሲዘጋ እንደሚደነግጡ፣ ባለቤታቸው በዚህ ምክንያት የቤታቸው በር ላይ ጨርቅ እንደሰፋችበት ነገሩኝ። ብተወው ማንም እንደማይወቅሰኝ፣ ብመለስ ግን የሚያሳዩኝ ነገር እንዳለ አከሉልኝ።

ተመለስኩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስድስት ጎራሹን አጎረሱት፤ በአንዳንዱ ቀዳዳ ጥይት፣ በአንዳንዱ ደግሞ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ። የቱ የት እንዳለ ግን አልነገሩኝም። አነጣጥሬ ምላጩን ሳብኩ። ቀጭ አለ እንጂ አልተኮሰም። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ዝቅ ብሎ አየሁት።

«ምን አየሽ?» አሉኝ።

«አፈሙዙ ወረደ።»

«ድምፅ አልነበረም። ማን አወረደው?»

«እኔ ነኝ።»

«አየሽ ልጄ፣ ድምፁ ሳይመጣ ቀድመሽ ትፈሪዋለሽ። ድምፁ ሲመጣ ፍሪው፤ እኔም እፈራዋለሁ። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ግን የራስሽ ነው።»

ደግሜ ሳብኩ፤ ይሄኛው ጥይት ነበረው። ደነገጥኩ፤ ግን የደነገጥኩት ከተኮሰ በኋላ ነው። ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ቀዳዳ ወጣ። ቀዳዳውን እያየሁ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ሳቄ መጣ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እየመጣን ሦስቱንም እያፈራረቅን ተኮስን። የስድስት ጎራሹ ምላጭ ረጅምና ጠጣር ነው፤ ጣት ቸኩሎ ሊስበው አይችልም። እኔን የጠቀመኝ ይሄ ዝግታው ነበር፤ በሁለት ጥይት መካከል የምተነፍስበት ጊዜ ይሰጠኛል። ክፋቱ ማጉረሱ ላይ ነው። ቀለሁን አውጥቶ ጥይት አንድ በአንድ መክተት፣ ያውም በዚያ የጠዋት ውርጭ! ጣቶቼ ደንዝዘው ጥይቶቹን ሣር ውስጥ እየጣልኩ ተንበርክኬ ስፈልግ የደብረ ሲናዋ ቱርኩን አጉርሳ፣ ተኩሳ፣ ደግማ ታጎርሳለች።

ቱርኩ በእርግጥ ለአያያዝ የተመቸ ነው፤ ምላጩም ሲነኩት እሺ ይላል። ግን ቅለቱ ለእኔ ጠላቴ ሆነ። ሲተኩስ እጄ ውስጥ ይዘላል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ዒላማው ላይ ያርፉና የኋለኞቹ ወደ ላይ እየወጡ ይሄዳሉ። ራሽያው ደግሞ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተስቦ እስኪቀባበል ድረስ መዳፍ ይልጣል፤ ማነጣጠሪያውም ትንሽ ስለሆነ ከጣርማ በር በኩል ጉም የመጣ ዕለት ዓይኔን አጥብቤ ነው የማገኘው። አንዴ ከያዝኩት ግን ክብደቱ ምቱን ይውጥልኛል፤ ተኩሶ ሲያበቃ ከነበረበት ብዙም አይርቅም።

በዚህ ነገር ከደብረ ሲናዋ ጋር አልተስማማንም። ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ ለሚንጠለጠል ነገር ከባድ መምረጥ ሞኝነት ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ የቀለለ ነገር እጄ ውስጥ መኖሩን ማመን ያቅተኛል አልኳት። ሃምሳ አለቃን ይፍረዱን ብንላቸው አልፈረዱም። ሥልጣኑ ቢኖራቸው ለእኔ ስድስት ጎራሹን እንደሚሰጡኝ፣ ነገር ግን የፋብሪካው ግምጃ ቤት ውስጥ ያሉት ቱርኩና ራሽያው ብቻ መሆናቸውን ነግረውን ለእያንዳንዳችን አዲስ ካርቶን ሰቀሉ። በግራው ወገን ቱርኩን፣ በቀኙ ራሽያውን ተኩሱና ካርቶኑ ይፍረድ አሉን።

ተኩሰን ስናበቃ አብረን ወደ ዒላማዎቹ ሄድን። በእኔ ካርቶን ግራ በኩል ያሉት ቀዳዳዎች እንደተዘራ ባቄላ ተበታትነዋል። በቀኝ ያሉት ላይ መዳፌን ጣልኩባቸው፤ ሁሉንም ሸፈነቻቸው። የእሷ ተቃራኒው ነበር፤ የቱርኩ ቀዳዳዎች ተሰብስበው፣ የራሽያው ወደ ታች ወርደው። የራሷን አየች፣ የእኔንም አየች፤ «በቃ እህቴ፣ ያንቺን ላንቺ፣ የእኔን ለእኔ» አለችና ተቃቀፍን።

በሥልጠናው ማብቂያ፣ የፈተናው ዕለት፣ ነፋሱ ካርቶኖቹን ያርገበግብ ነበር። ሁለታችንም አለፍን፤ እሷ ከእኔ በልጣ። ሃምሳ አለቃ እጃችንን ጨብጠው ፈጣሪ ሳያስተኩሳችሁ ጡረታ ያድርሳችሁ ብለው መረቁን። ምርቃቱ እስካሁን ይዟል። ጠዋት ሽጉጤን ከግምጃ ቤት ፈርሜ እወስዳለሁ፣ ተረኛዋ ስትመጣ እመልሳለሁ፤ መጋዘኑ በር ላይ አንድም ቀን ከአፎቱ አውጥቼው አላውቅም። ከመጠለያው ወጥተን ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተናል። በሯ ቆርቆሮ ናት፤ ግን በር ናት።

ፋብሪካው አልፎ አልፎ እንድንለማመድ ይልከናል። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ አብሬሽ ልሂድ አለኝ። ጉብታው ላይ ጋቢውን ጆሮው ላይ ጠምጥሞ ቆመ፤ የመጀመሪያው ጥይት ሲጮኽ ትከሻው ሲሸማቀቅ ከሩቅ አየሁት። አልሄደም። ጨርሼ ስቀመጥ ቀስ እያለ ወረደና ሽጉጡን መያዝ እችላለሁ ወይ ብሎ ሃምሳ አለቃን ጠየቃቸው። ካርታውን አወጡ፣ አቀባብለው ባዶ መሆኑን አሳዩትና መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«ይከብዳል» አለኝ።

«የመረጥኩት ለዚያ ነው።»

ሌላውስ ምን ይመስላል አለ። ቱርኩንም እንዲያይ ፈቀዱለት፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አድርጎ እንደ በግ ገዢ መዘናቸው። ለእሱ ቀላሉ እንደሚሻለው ተናገረ። ሃምሳ አለቃ ፈገግ ብለው ወንዶቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት አሉ።

በእግር ስንመለስ ስለ ሽጉጥ አላወራንም። አከራያችን የቤቱን ጓሮ እንድንቆፍር እንደፈቀዱልን፣ አፈሩን በእጁ አሽቶ እንዳየውና ለድንች እንደሚሆን ነገረኝ። የዝናቡን ጊዜ፣ ውርጩን፣ የቱ ጋ ቦይ እንደሚያወጣ እያሰላ ነበር የሚያወራው። ከወለጋ ከወጣን ወዲህ ስለሚመጣው ክረምት ሲያወራ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ከተማው ጫፍ ስንደርስ ገበያው ሳይበተን የዘር ድንች እንይ አለኝ፤ እርምጃችንን አፈጠንን።